ሦስተኛው ደንብ

ደንቡ በኢሜይል መጣ፣ ዘጠኝ ገጽ፣ በማለዳ፤
እናቴ ከሌት ፈረቃ ገብታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ጓዳ
ውኃ ትጠጣ ነበር። «ምን ይላል?» አለችኝ ቆማ።
«ኮሌጁ ከአንድ ኩባንያ ጋር ለስድስት ሳምንት ተስማማ።»
«ይከፍላሉ?»
«አይከፍሉም።»
«ታዲያ ምን ይሰጣሉ?»
«ልምድ፣ እማ። በወረቀት ላይ “ሠርታለች” ብለው ይጽፋሉ።»
ጫማዋን ፈታች፤ ዝም አለች። ዝምታዋም አስተያየት ነው፤
እሷ ልምድ አላት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ወረቀት ግን የሌለው።

አንደኛው ደንብ እንዲህ ይላል፦ በስብሰባ ፊት ይታይ፤
ካሜራ አይዘጋም። እኔም ከወንበሬ በላይ
የተሰጣውን የእናቴን ዩኒፎርም አነሣሁ፤
ነጭ ግድግዳ ብቻ ቀረ፤ ባለሙያ መሰልሁ።
ሁለተኛው፦ ለሚጻፍልሽ በሃያ አራት ሰዓት መልሺ፤
ደንበኛውን በግል አትጥሪ፤ በመሪሽ በኩል ድረሺ።
(እንግሊዝኛው ሴት ወንድ አይለይም፤ እኔ ነኝ «አንቺ» ያልሁት።)
ሦስተኛው፦ ፋይሉ ውስጥ ያየሽው ከፋይሉ አይወጣም፤
ራት ገበታ ላይ፣ ቢቸግርም፣ ከወሬ ጋር አይመጣም።
ሌሎችም አሉ፦ ሰዓትሽን መዝግቢ፤ ቃል ከሰው አትስረቂ፤
የምትዘገዪ ከሆነ ሳትዘገዪ አስታውቂ፤
ጓደኞችሽን በመጨረሻ ከአምስት ነጥብ ትሰጫለሽ፤
እነሱም ይሰጡሻል። ከግርጌ መስመር አለ፤ ትፈርሚያለሽ።

ፈረምሁ፣ በጣቴ፣ በስልኬ ላይ፤ ስሜ እንደ ትል ተጣመመ፤
ከዚያ ወዲያ ማን ዘጠኝ ገጽ ተመልሶ ደገመ?

አራት ነን። ሃርፕሪት ከብራንደን፣ አጎቷ መኪና ውስጥ ሆና፤
ቲየን ማይኩን ሁሌ ይረሳል፣ ከንፈሩ ይሮጣል ያለ ቃና፤
ዳኒካ፣ መሪያችን፣ ሰንጠረዡን በቀለም ትቀባለች፤
መምህርታችን ወይዘሮ ፍሪዘን «ጎበዞች» ብላ ትወጣለች።
ደንበኛው ልብስ አጣቢ ነው፣ ለሆቴልና ለሆስፒታል።
«ከሦስቱ ፈረቃ የቱ ቢታጠፍ፣ ስንት ዶላር ይተርፋል?»
ጥያቄው ይኸው ነው፤ ንጹሕ፣ እንደ ተተኮሰ አንሶላ፤
ስም የለበትም ፋይሉ፤ ቁጥር ብቻ፣ ከቁጥር ኋላ ሌላ።

ማክሰኞ ማታ፣ ዊኒፔግ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣
ረድፍ ሁለት መቶ ሰባት ላይ ጣቴ ቆመ እንደ ግንድ።
ያን ቁጥር አውቀዋለሁ። ኩሽናው በር ላይ ይሰቀላል፤
በሩ በተዘጋ ቁጥር እንጨቱን ቀጭ ያደርጋል።
አርባ አራት ዐሥራ ሰባት፦ የመግቢያ ካርዷ፣ ፎቶው የደበዘዘ፤
እዚህ ግን ሌት ፈረቃ፣ በዳኒካ ቀይ ቀለም የተያዘ።
ቀሪ ሁለት ቀን፣ በዐሥራ አንድ ዓመት፤ ሁለቱንም አውቃለሁ፦
አንዱን ቀን አባቴ ተቀበረ፤ አንዱን እኔ ትርፍ አንጀት ታክሜያለሁ።

ግድግዳው ማዶ ምሳ ዕቃዋን ትዘጋለች።
«ጨርሰሽ ተኚ» ትለኛለች።
ካርዱ ከሚስማሩ ላይ የለም፤ ይዛው ወጥታለች ለሥራ፤
እኔ ቁጥሯን ይዤ ቀርቻለሁ፣ ከስክሪኑ ጋራ።

ዘጠኙን ገጽ ከፈትሁ፤ የዘለልሁትን አነበብሁ በዝግታ።
ገጽ ሰባት፣ በደቃቅ ፊደል፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ፦
«ፋይሉ ውስጥ የቅርብ ሰው ያገኘ ለመምህሩ ይናገር፤
ሌላ ምድብ ይሰጠዋል፣ የቡድኑ ሥራ ሳይቀየር።»
ሳይቀየር።
ሕጉ ይኸ ነው እንግዲህ፤ እጄን ታጥቤ እወጣለሁ፤
ቀዩን መስመር ሃርፕሪት ትጨርሰዋለች፤ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ።

«ልብስ ከመንከርሽ በፊት ኪሱን ዳብሺ» ትለኛለች እማ፤
«ቀለበት አግኝቻለሁ፣ የሰው ጥርስ፣ የሕፃን ጫማ።»

በስድስት ሰዓት ሌሊት ጻፍሁ። «እናቴ» የሚለውን ሦስቴ ሰረዝሁ።
«የቅርብ ሰው» አልሁ። «ወይዘሮ ፍሪዘን፣ ያሉኝን ምድብ እቀበላለሁ።
ከመውጣቴ በፊት ግን፣ በመሪያችን በኩል፣ በሥርዓት፣
ደንበኛው ይጠየቅልኝ፦ እነዚህን ቁጥሮች ያነጋገረ አለ ወይ፣ አንድም ሌሊት?»
ላክሁት። ሃያ አራቱ ሰዓት መቆጠር ጀመረ።

ጠዋት ገባች። «ያ ነገርሽ እንዴት ነው?» አለች። አፌ ታሰረ።
«ደኅና ነው» አልኋት። ካርዷን መለሰች፤ ቀጭ አለ በሩ ላይ።
ስልኬን በፊቱ ደፋሁት፣ መብራቱ እንዳይታይ።